ፀሐይ የማትስማማት ልጅ፦ ከጎንደር አንድ የቆዳ ካንሰር ጉዳይ

መነሻ

ልጅቷን መጀመሪያ ክሊኒካችን ውስጥ ያየኋት በጋቢ ተጠቅልላ ነው። መጋቢት ነበር፣ ቀትር ላይ። ጎንደር ሰው ሁሉ ሹራቡን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግበት ሰዓት ነው። አባቷ ግን ጋቢውን እስከ አፍንጫዋ ስቦ ሸፍኗታል። መጋረጃውን እስክንዘጋ ድረስ ዓይኗን አልገለጠችም።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከአፍንጫዋ በስተግራ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል እብጠት አለ። ጫፉ ተልጦ ቅርፊት ይዟል። «ሦስት ወር ሆነው» አለ አባቷ። «ይደርቃል፣ ይነሳል፣ መልሶ ይደማል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ዓመት አልፏል። ቤተሰቡ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዷል። ማንነታቸውን የሚያሳብቅ ዝርዝር ቀይሬያለሁ። የጤና ተቋማቱንም ስም አላነሳም። የተሳሳቱ ሌሎች አሉ፣ እኛም አለንበት።

ዳራ

ቤተሰቡ ከደምቢያ ነው። ጤፍ፣ ሽምብራና ማሽላ ያርሳሉ። አራት ልጆች አሏቸው፣ እሷ ሦስተኛ ናት። ወላጆቹም ሁለቱ ታላላቆቿም ቆዳቸው ምንም የለበትም።

እናቷ እንደነገረችኝ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጉንጯ ላይ ጠቃጠቆ ወጣ። ከዚያ ግንባሯ ላይ፣ ከዚያ እጇ ላይ። ቆዳዋ ጠይም ነው። ጠቃጠቆው ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት ይመስላል፣ በመሀሉ ደግሞ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። ብርሃን ሲበዛ ዓይኗ ያለቅሳል። ፀሐይ ላይ ውላ ስትገባ ግን ቆዳዋ አይቀላም፣ አይላጥም። ስለዚህ ማንም ከፀሐይ ጋር አላገናኘውም።

ወይም አገናኝተውታል፣ በራሳቸው መንገድ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ተጨመቀላት። እሱ ብዙም አይጎዳም። አንዲት ጎረቤት ግን ጤና አዳም ፊቷ ላይ አሸችላት። ጤና አዳም ቡና ውስጥ ሌላ ነገር ነው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ጤነኛ ሰውንም ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። የልጅቷ ፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃ ቋጠረ።

ጸበልም ሄዳለች፣ ሁለት ሳምንት። ጸበሉን አልነቅፍም፣ ተራ የሚጠበቀው ግን ሜዳ ላይ ነበር። ከዚያ በአንድ ጤና ተቋም ለፈንገስ የሚሆን ቅባት ታዘዘላት፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ። አባትየው እብጠቱን አሳይቶ «ካንሰር ይሆን?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» ተባለ። ይህን የሰማው ከባለሙያ ነው።

ችግሩ

ምርመራው አስቸጋሪ አልነበረም። የሸሚዟን እጅጌ ከፍ ሳደርገው ጠቃጠቆው ክንዷ ላይ መስመር ሠርቶ ቆመ። ከመስመሩ በላይ ያለው ቆዳ እንደ እህቶቿ ንጹሕ ነው። አንገቷ ላይም እንዲሁ። ልብሷ የት እንደሚያልቅ ቆዳዋ ላይ ተጽፏል።

በሽታዋ ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም ይባላል፣ ቆዳ የፀሐይን ጉዳት መቋቋም የሚያቅተው በዘር የሚወረስ በሽታ ነው። በሕክምና መጽሐፍ የገባው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። የሚጎዳው ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የሰውነት መመሪያ፣ ከስምንት አንዱ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የጂን ምርመራ ያስፈልጋል፣ እኛ አላደረግንላትም። ያመንነው በቆዳዋ፣ በዓይኗና በዕድሜዋ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጆች ያለ ጥበቃ ካደጉ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው የመጀመሪያው የቆዳ ካንሰር ሊወጣባቸው ይችላል። ሌላው ሰው በስተርጅና የሚያየውን ማለት ነው።

እብጠቱን በሊዶካይን አደንዝዘን ቆረጥነው። ናሙናው በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ወደ ፓቶሎጂ ሄደ። ውጤቱ አምስት ሳምንት ፈጀ፦ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ፣ አንዱ የቆዳ ካንሰር ዓይነት። የቁራጩም ጠርዝ ንጹሕ አልነበረም፣ ካንሰሩ እስከዚያ ደርሶ ነበር። የልጅ አፍንጫ ነው ብዬ ስለሳሳሁ ጠበብ አድርጌ ነበር የቆረጥኩት። እንደገና መቆረጥ ነበረባት።

ከቢላዋው የባሰው ግን የአባትየው ጥያቄ ነበር። «እኛ ሰባት ቤት ተቆጥሮልን ነው የተጋባነው። በዘራችን እንዲህ ያለ የለም። ከየት መጣ?»

ከቆዳው ሥር

ፀሐይ በነካችን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር የቆዳ ሴሎችን ዲኤንኤ ይጎዳል። ዲኤንኤ በኬሚካል ፊደላት የተጻፈ የሴሉ መመሪያ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ጤነኛ ሴል ያን ቁራጭ ቆርጦ ያወጣና በአዲስ ይተካዋል። የዚህን ጥገና አሠራር በዝርዝር ካወጡት አንዱ አዚዝ ሳንጃር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተጋርተውበታል። ዜሮደርማ ያለበት አብዛኛው ሰው ይህ ጥገና ከውልደቱ ይጎድለዋል ወይም ይደክምበታል። ይህን ተመራማሪው ጄምስ ክሊቨር እ.ኤ.አ. በ1968 አሳይቷል።

ያልተጠገነው ጉዳት ሴሉ ሲባዛ ስህተት ይሆናል። ሲ የነበረው ፊደል ቲ ሆኖ ይገለበጣል። አንዳንዴ ሁለት ሲ ተከታትለው ሁለት ቲ ይሆናሉ። ይህ የፀሐይ የጣት አሻራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪዎች በስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ውስጥ ያገኙት ይህንኑ አሻራ ነው፣ ያውም ፒ53 የሚባለው ጂን ላይ። ዜሮደርማ ካለባቸው ሰዎች ዕጢ ላይም ይኸው ታይቷል።

ፒ53 ዕጢ ገቺ ጂን ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ሴሉን «ቁም፣ ሳትጠገን አትባዛ» ይለዋል። ጉዳቱ ከበዛ ደግሞ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ክፉኛ በፀሐይ በተቃጠለ ቆዳ ውስጥ እንዲህ የሞቱ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ፒ53 ከሌለ የተበላሸው ሴል አይቆምም፣ አይሞትምም። ይባዛል።

ይህን ለአንድ ገበሬ እንዴት ትነግረዋለህ? እኔ መጀመሪያ የመኪና ፍሬን ምሳሌ አመጣሁ። ሰውየው በትህትና ራሱን ነቀነቀ። መኪና ነድቶ አያውቅም። ጠረጴዛዬ ፊት ዝም ብሎ ትንሽ ቆየና «ማሽላ ላይ እንዳለ ወፍ ጠባቂ ነው በለኛ!» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምሳሌው የሱ ሆነ።

ማሽላ ሲያፈራ ማሳው መሀል ማማ ይሠራል። ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይወጣበታል። እያንዳንዱ ዕጢ ገቺ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። ሁለት ጠባቂ ማለት ነው። አንዱ ቢያንቀላፋ ሌላው ወፉን ያባርራል። ሁለቱም ሲያንቀላፉ ማሳው ያልቃል። ተመራማሪው አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የልጆችን የዓይን ካንሰር ቆጥሮ የደረሰበት ሐሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው። ፒ53 ትንሽ ይለያል። ፕሮቲኑ የሚሠራው አራት አራት ሆኖ ተያይዞ ነው። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ሲበላሽ ጤነኛውንም ሊያሰናክል ይችላል። «ያንቀላፋ ሳይሆን የሰከረ ጠባቂ» አልኩት። ሳቀ።

«ታዲያ የልጄ ጠባቂዎች ሰክረው ነው የተወለዱት?» አለ። አይደለም። ስትወለድ ጠባቂዎቿ ደህና ነበሩ። የጎደላት ማማውን የሚያድስ ሰው ነው። ፀሐይ በየቀኑ አንድ እንጨት ትነቅላለች፣ መልሶ የሚመታ የለም። አባትየው እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ያልታደሰ ማማ ጠባቂውን ይዞ ነው የሚወድቀው።» ከዚህ የተሻለ አድርጌ አላውቅም።

የሰባት ቤቱም ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ። አባትም እናትም አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘዋል። በሁለተኛው ደህና ቅጂ ይሠራሉ፣ አይታመሙም። ዘር መቁጠር የቅርብ ዘመዳሞችን ያለያያል። ከስምንተኛውና ከአሥረኛው ትውልድ የመጣን የተደበቀ ቅጂ ግን አያይም። ማንም አላጠፋም፣ እርግማንም አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ መግባት አለበት። ፒ53 የተበላሸበት ሴል ወዲያው ካንሰር አይሆንም። መጀመሪያ ሸካራ ቦታ ይወጣል። ከማየት ይልቅ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፣ የብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። ከዚያ ሌሎች ጠባቂ ጂኖችም ተከትለው ያንቀላፋሉ፦ ሴሉ እንዲጎለምስና መባዛቱን እንዲተው የሚያደርገው ኖች1፣ መባዛትን የሚገታውን ፒ16 የሚባል ፕሮቲን የሚሠራው ሲዲኬኤን2ኤ። እነዚህ ሲጨመሩ ዕጢው ወደ ታች ሰብሮ ይገባል። ሌላው የቆዳ ካንሰር፣ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ፣ በዋናነት በሌላ በር ነው የሚመጣው፣ ፒቲሲኤች1 በሚባል ጂን መጥፋት። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰርም የራሱ መንገድ አለው፣ ሲዲኬኤን2ኤና ፒቴን የሚባሉት ጂኖች ብዙ ጊዜ የሚጠፉበት። ለእኛ ትልቁ ነገር በሸካራው ቦታና በእብጠቱ መካከል ጊዜ መኖሩ ነበር። ሥራችን ሁሉ ያረፈው እዚያ ጊዜ ላይ ነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

አፍንጫዋ ዳግም ተቆረጠ፣ በዚህኛው ጠርዙ ንጹሕ ሆነ። የዓይን ሐኪም አያት። የምላሷን ጫፍ ሳይቀር መረመርን፣ ምክንያቱም በዚህ በሽታ ካንሰር እዚያም ሊወጣ ይችላል።

ከዚያ ፊቷን ወረቀት ላይ ሣልን። ተራ ኤ4 ወረቀት ነው። እያንዳንዱን አጠራጣሪ ቦታ ቁጥር ሰጠነው። አዘዞ የምትኖረው አክስቷ በየወሩ በስልክ ፎቶ አንስታ፣ ቁጥሩን ጽፋ በቴሌግራም ትልካለች። ጎኑ ላይ ሳንቲም ታስቀምጣለች፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ከወር ወር ያደገ ካለ እንጠራታለን።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ገዝተን ጀመርን። ፋርማሲ ውስጥ አንድ ጊዜ ይገኛል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል። ቅባት ላይ ብቻ መደገፍ እንደማያዋጣ ቶሎ ገባን። ስለዚህ ወደ ልብስ ዞርን። እናቷ ነጠላ ታከናንባት ነበር። ነጠላውን መስኮቱ ላይ ዘርግቼ እጄን ከኋላው አደረግኩ። ጣቶቼ አንድ በአንድ ታዩ። «የሚታይ ከሆነ ፀሐይም ያልፋል» አልኳት። ጋቢ ዘረጋን፣ እጄ ጠፋ። በሳምንቱ ከጠቆር ያለ ወፍራም ጨርቅ ኮፍያ አሰፍታላት መጣች። ከኋላ አንገት የሚሸፍን፣ ከፊት እስከ ቅንድብ የሚወርድ። ጥቁር ጃንጥላም ተገዛ።

ያልሠራው

መጀመሪያ ቀን ያልኳቸው ሁለት ቃል ነው፦ «ከፀሐይ ጠብቋት።» እንዴት እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ቤት ሄደው መስኮት አልባ ጓዳ ውስጥ አስገቧት። ሦስት ወር። ትምህርት ቀረ። ስትመለስ ገርጥታ፣ ዝም ብላ ነበር። ቫይታሚን ዲ የምንሠራው ፀሐይ በነካው ቆዳ መሆኑን ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ክኒኑን ጀመርን። ዝምታዋ ግን በክኒን አልተመለሰም።

የራሳችን ቀጠሮም ጉድ ነበር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጻፍላታል፣ ወረፋው ደግሞ ግቢ ውስጥ፣ ጥላ የሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። እኛ ፀሐይ የከለከልናትን ልጅ ፀሐይ ላይ እናሰልፋለን። ይህን ያየችው ካርድ ክፍል የምትሠራ ልጅ ናት። ማናችንም ሐኪሞች አላየነውም።

የማማው ምሳሌም ያሰናከለበት ቦታ አለ። እናትየው «ያንቀላፉ» የሚለውን ይዛ «መቀስቀሻውስ?» አለችኝ። የተበላሸን ዕጢ ገቺ ጂን መልሶ የሚያስነሳ መድኃኒት ልሰጣት አልችልም። ምሳሌው ተስፋ ሰጣት፣ እኔ መልሼ ወሰድኩት። ያን ቀን ከክፍሉ ሳትሰናበተኝ ነው የወጣችው።

ደግሞ የቁጥሩ ነገር። «በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል» ብዬ ነበር። አባትየው «አራት ልጅ አለን፣ አንዷ ታማለች፣ አበቃ» ብሎ ተረዳው። ሒሳቡ በየእርግዝናው ከዜሮ እንደሚጀምር አጥርቼ አልነገርኩትም። ትንሹ ልጅ ያኔ አንድ ዓመቱ ነበር። አምጡትና ልየው አላልኩም።

መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታትም ነበሩ። ሁለት ቀጠሮ አለፈ። በዚያ መሀል የታችኛው ዓይን ሽፋኗ ላይ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ወጣ።

የሠራው

ልጅቷ አዘዞ አክስቷ ዘንድ ገባች። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ 6 ሰዓት ላይ ይለቃል፣ የከሰዓቱ 6 ተኩል ላይ ይገባል። የትኛውም ፈረቃ አንዴ ቀትር ላይ ያስኬዳታል። ይህን ያወቅነው ክሊኒክ ቁጭ ብለን አይደለም። አክስቷ ነች «ዶክተር፣ ሰዓቱን ቁጠረው እስቲ» ያለችኝ። መፍትሔውም የእሷ ነው። ጠዋት ትማራለች፣ ሲለቀቁ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለች ዘመድ ቤት ገብታ ምሳ በልታ፣ አጥንታ፣ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ቤት ትመጣለች። መቀመጫዋም ከመስኮት ርቋል። መስታወት የጨረሩን አንድ ክፍል ያስቀራል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም።

የፎቶው ነገር ከጠበቅኩት በላይ ረዳ። ቁጥር 7 የተሰጠው የከንፈሯ ሸካራ ቦታ በሁለት ወር ሲሰፋ ታየ። እብጠት ሳይሆን ተነሳ። በፓቶሎጂ ገና ሰብሮ ያልገባ ቅድመ ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

አንድ ጊዜ ግን ፎቶው ግራ አጋባን። ቀኑን ሙሉ ተጠብቃ እያለ የቀኝ ጉንጯ ላይ ጠቃጠቆው ጨመረ። የቀኝ ብቻ። አክስትየዋን ብዙ ጠየቅኋት። መጨረሻ ላይ «ማታ ማታ ደጅ ትቀመጣለች፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው» አለች። ደጁ ትይዩ ምን አለ? ብየዳ ቤት። የብየዳ ብልጭታ አልትራቫዮሌት ይረጫል፣ ያውም ብዙ። ልጅቷ ጓደኞቿን እያየች በቀኝ ጎኗ ወደ ብየዳው ዞራ ትቀመጥ ነበር። ለጭማሪው ሌላ ምክንያት አላገኘሁም። እናትየው ስለ ምድጃ እሳት ጠይቃኝ «እሱ አያሳስብም» ብዬ ነበር፣ ልክም ነው። ብየዳን ግን ማን ያስባል? በርጩማዋን ወደ ጓሮ አዛወሩት።

ከዚህ ምን ይወሰዳል

እዚህ ላይ የምጽፈው ከአንድ ልጅ ነው። ልኩን አውቃለሁ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፊቱና እጁ ላይ ብቻ ጠቃጠቆ የወጣበት፣ ብርሃን የሚፈራ ልጅ ካያችሁ እጅጌውን ከፍ አድርጉ። ጠቃጠቆው ልብሱ ጋ መስመር ሠርቶ ከቆመ ቅባት አትዘዙ፣ ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩት። የቆዳ ጥቁረት ካንሰርን ይቀንሳል እንጂ አይከለክልም። ጥገናው የጎደለበትን ልጅ ደግሞ ጥቁረቱ ብቻውን አያድነውም።

የጂን ምርመራ የለም ተብሎ ስለ ጂን ማስረዳት አይቀርም። ይህ ቤተሰብ ስለ ዕጢ ገቺ ጂኖች ከገባው በኋላ ነው «ቁስሉ ደርቋል» ብሎ ቀጠሮ መቅረት ያቆመው። አንዱ ዕጢ ስለተነሳ ነገሩ እንዳላለቀ፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ ግማሽ መንገድ የሄዱ ሴሎች ሊኖሩበት እንደሚችሉ ያውቃሉ። ምሳሌውን ግን ከታማሚው ብትቀበሉት ይሻላል። የእኔ ፍሬን አልያዘም።

ክልከላ ስትሰጡ ሰዓቱን፣ ልብሱንና መንገዱን አብራችሁ ስጡ። አክስትን ጠይቁ። ካርድ ክፍልንም ጠይቁ። ወንድም እህቶችን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እዩ፣ እኔ እንዳደረግኩት ሁለት ዓመት አትቆዩ።

አሁን

ልጅቷ አሥራ ሁለት ሆናለች። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ቦታ ተቆርጦላታል፣ በሁለተኛው አንድ። በሦስተኛው ምንም የለም። ጥምቀት ላይ ታቦት የሚወጣው በከተራ ከሰዓት ስለሆነ ያን አታይም። 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ከአክስቷ ጋር ፋሲለደስ መዋኛ ትሄዳለች። ሌሊቱን እዚያው ታድርና ጎህ ሲቀድ ጋቢዋን ተከናንባ ትመለሳለች። ዘንድሮ የነገረችኝ ስለ መዝሙሩ አይደለም። ኮፍያዋን ሳታደርግ ሰው መሀል ቆማ ማደሯን ነው።

ትንሹ ወንድሟ ባለፈው ኅዳር አፍንጫው ላይ ሦስት ጠቃጠቆ ወጣበት። አባቱ ማንም ሳይነግረው ይዞት መጣ። ጋቢ አልብሶ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ። በሩን ገና አልከፈትንም ነበር። ለእሱም ኤ4 ወረቀት አወጣንና ከቁጥር 1 ጀመርን።